ድርሰት ከማተሚያ ቤት በፊት

በቅኔ ቤት ሥርዐት ደቀ መዝሙሩ ማለዳ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ወደ ዱር ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይወርድና፣ ሰው ከማያገኘው ጥግ ተቀምጦ ቃሉን በልቡ እያወጣና እያወረደ ቅኔውን ሲቆጥር ውሎ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልሶ በመምህሩ ፊት ቆሞ የቆጠረውን ይነግራል። ያ ቅኔ በብራና ያልሰፈረ፣ በማሕሌት ያልተሰማ፣ ከደራሲው ልቡና በቀር ማደሪያ የሌለው ነው፤ መምህሩም አድምጠው አገባቡ የተፋለሰውን ያቀናሉ፣ ቤቱ ያልመታውን ይመልሳሉ፣ ሰሙና ወርቁ ያልተስማሙትንም ምሥጢር የለውም ብለው ይጥሉታል። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ እስኪደርስ ድረስ በየመዓርጉ በዚህ ፈተና ያልፋል። አለቃ ለማ ኃይሉ በእርግናቸው ወራት ያወጉትን፣ ልጃቸው መንግሥቱ ለማም በድምፅ መቅረጫ ቀርጸው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» ብለው ያሳተሙትን ያነበበ ሰው፣ የጉባኤ ቤት ሕይወት ምን ያህል በመንገርና በመስማት፣ በመነቀፍና በመታረም ላይ እንደ ቆመ ያስተውላል።

እንግዲህ ያልተጠናቀቀ ድርሰትን ለሰሚ አቅርቦ ነቀፌታ መቀበል ከአባቶቻችን የወረስነው ሥርዐት ሆኖ ሳለ፣ የማተሚያ መኪና ከገባ ወዲህ በዓለማዊው ድርሰት ዘንድ ስለ ምን ላላ? ይህ ጥያቄ የመጣብኝ በሚዛን ተፈሪ ከተማ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የልብ ወለዱን ረቂቅ በእጁ ይዞ ከቤት ወደ ቤት፣ ከአንባቢ ወደ አንባቢ ሲመላለስ ባየሁ ጊዜ ነው።

ሚዛን ተፈሪ ከጎረቤቷ ከአማን ጋር ተቀላቅላ ዛሬ ሚዛን አማን እየተባለች የምትጠራ፣ ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ፣ ዝናብ የማይለያት የቡና አገር ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ቴፒ የሚወስደው መንገድ በሸኮ ምድር ያልፋል፤ ግራና ቀኙ በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ያደገ ቡና፣ በየደጁ እንሰትና ጎደሬ፣ ከዚያም በላይ ጫካው ነው። አገሩ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይቈጠራል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በመከፈቱ የተማረ ሰው አልጠፋበትም፤ ነገር ግን አሳታሚ የለበትም፣ አርታኢ የለበትም፣ የረቂቅ ጽሑፍ አንባቢ ነኝ ብሎ ደጁን የከፈተም አላገኘሁበትም።

መምህሩ የተወለደው በሰሜን ነው። ለሥራ ተመድቦ ወደ ሸኮ ወረዳ ከመጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሚስት ያገባውም ልጆች ያፈራውም እዚሁ ነው። ረቂቁ በሰባት ባለ 50 ሉክ ደብተሮች ተጽፎ በፌስታል ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ነው፤ በዚያ አገር ክረምት ወረቀት ከሣጥን ውስጥ ቢያድር ሻጋታ ስለሚያወጣ፣ የጢሱ ሙቀት ይጠብቀዋል። የደብተሮቹ ጠርዝ ከዚህ የተነሣ ቡናማ ሆኗል፤ ገጹ ሲገለጥም የጢስ ሽታ ያወጣል። ታሪኩ የአንድ የሸኮ ወጣት ነው፤ ወጣቱ በእዳ ተይዞ የባለጸጋ ጎረቤቱን ቡና በሌሊት ለቅሞ ይሸሽጋል፣ ከዚያም ኅሊናው ያሳድደዋል።

በመጀመሪያ ረቂቁን የሰጠው ለሥራ ባልደረቦቹ ነበር። አንዱ በሳምንቱ መልሶ «ግሩም ነው፣ በርታ» አለው። ሌላው ክረምቱን ሙሉ አኑሮት፣ በሦስተኛው ደብተር ሽፋን ላይ የሲኒ ክብ ምልክት አትሞበት፣ «እያነበብኩት ነው» ሲል ከርሞ ሳይገልጠው መለሰለት። ሦስተኛው ፊደል ብቻ አረመለት፤ ሀሌታውን ሀ በሐመሩ ሐ፣ እሳቱን ሰ በንጉሡ ሠ እየለወጠ ገጹን በቀይ እስክሪብቶ ሞላው፤ ስለ ታሪኩ ግን ከአፉ አንድ ቃል አልወጣም። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች ሆነው አይደለም። ይሉኝታ የሚባለው ብርቱ ገዥ በወዳጅ አፍ ላይ ማኅተም ስለሚያኖር፣ ሰው ወዳጁ የደከመበትን ነገር ፊት ለፊት «ይህ አልሆነም» ማለት ነውር ይመስለዋል፤ ስለዚህም ወይ ያመሰግናል፣ ወይ ዝም ይላል፣ ወይም ማንንም በማያስቀይመው በፊደል ጉዳይ ይሸሸጋል።

ለዚህ ሕመም መድኃኒቱ በከፊል በጠያቂው እጅ ነው ብዬ አምናለሁ። «እንዴት አገኘኸው?» ተብሎ የተጠየቀ ወዳጅ ከምስጋና በቀር መውጫ በር አልተተወለትም፤ «የት ላይ ደከመህ? ደብተሩን ስታስቀምጥ የትኛው ገጽ ላይ ነበርህ? የማንን ስም ረሳህ? እዚህ ስትደርስ ቀጥሎ ምን ይመጣል ብለህ ጠበቅህ?» ተብሎ የተጠየቀ ግን እውነቱን ሳይፈርድ ሊናገር ይችላል፤ የሚመሰክረው ስለ ደራሲው ችሎታ ሳይሆን በራሱ ላይ ስለ ደረሰው ነገር ነውና። መምህሩ ይህን ዘዴ የተማረው ከማንም ሳይሆን ከክፍሉ ነው፤ ተማሪ «ገብቶኛል» ቢል ዋጋ እንደሌለው፣ የገባውን መልሶ እንዲናገር ሲጠየቅ ብቻ መግባቱ እንደሚታወቅ ከሥራው ያውቃል።

ከዚያ በኋላ የሄደው ወደ አንድ የኔታ ዘንድ ነበር። የኔታ በወጣትነታቸው በጎጃም ቅኔ የቆጠሩ፣ ኋላም በዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግሉ ያረጁ ሊቅ ናቸው። ዓይናቸው ስለ ደከመ ደብተሩን አልተቀበሉም፤ «አንብብልኝ» ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም በዚያ ነበርሁና ያየሁት ይህ ነው። መምህሩ ሲያነብ የኔታ አይናገሩም፤ ነገሩ የተሰበረ ሲመስላቸው ብቻ መቋሚያውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ ይመቱና «እዚህ ላይ መልሰው» ይላሉ። መምህሩ መልሶ ያነባል። ዳግመኛ ይመታሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነበው ድምፁ ራሱ እየላላ ሄደና፣ የኔታ ምንም ሳይሉት ስሕተቱን እርሱ ራሱ አወቀው፤ አንድ ነገር በአንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ተነግሯል።

እኔ በዚህ እጅግ ተደነቅሁ። ዓይን መሐሪ ነው፤ የጎደለውን ሞልቶ፣ የተረፈውን ዘሎ ያልፋል። ጆሮ ግን የሚሰማውን ሁሉ ይሰማል፤ ደራሲውም በሌላ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ በገዛ ጆሮው ሳይሆን በሰሚው ጆሮ ይሰማል። ወጋየሁ ንጋቱ የሀዲስ አለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርኩት አገር በሙሉ ያን ትልቅ መጽሐፍ እንደ አዲስ የተቀበለው፣ ከተራኪው ጥበብ ሌላ፣ ድርሰቱ በጆሮ ተፈትኖ የማይወድቅ ስለ ሆነም ነው፤ ሀዲስ ደግሞ በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ።

የኔታ በመጨረሻ የተናገሩት ግን ከአንድ የቅኔ ሊቅ ያልጠበቅሁት ነበር። «ልጄ፣» አሉት፣ «ይህ ቡና ለቃሚ ሲናገር እኔን ይመስላል። አንተም ስትናገር እኔን ትመስላለህ። ሁላችን አንድ ከሆንን ታሪኩ የማን ነው?» መምህሩ በትረካው የተጠቀመባቸውን የግእዝ ቃላት ሁሉ በወጣቱና በእናቱ አፍም አኑሯቸው ኖሯል። የኔታ የሚወዱትን ቋንቋ ከማይገባው ቦታ እንዲነቅል አዘዙት፤ በትረካው ይኑር፣ በገበሬው አፍ ግን አይሁን አሉት። ለራሱ ጣዕም የሚያዳላ አንባቢ ይህን ሊል አይችልም፤ አንባቢ ደራሲው የጀመረውን ሥራ በራሱ መንገድ እንዲያደርሰው የሚረዳ እንጂ ወደ ራሱ ደጅ የሚጎትት መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ጥያቄ ልመለስ። የቅኔ ቤቱ ሥርዐት ወደ ታተመው ድርሰት ያልተሻገረበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ የሚከብደኝ ግን በአገራችን ለረዥም ዘመን ረቂቅን ከመታተሙ በፊት የግድ የሚያነበው ሰው የሳንሱር ሹም የነበረ መሆኑ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመንም በደርግም ዘመን ደራሲው ድርሰቱን ለሳንሱሩ ክፍል ያስረክብና ይጠባበቃል፤ አንባቢው የሚፈልገው ሊያቃናው የሚገባውን ሳይሆን ሊከለክለው የሚገባውን ነው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በወጣትነታቸው የጻፏቸው «ሌቱም አይነጋልኝ»ና «ትኩሳት» ለብዙ ዓመታት በመጽሐፍ መልክ ሳይወጡ የቆዩት በዚህ አጥር ምክንያት ነው። የኢሉባቦሩ ተወላጅ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል ቢያወጣም፣ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። በእንዲህ ያለ ዘመን ያደገ ደራሲ «አስተያየት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢደነግጥ፣ ረቂቁንም ከሰው ዓይን ቢሸሽግ የሚፈረድበት አይደለም።

ይሁን እንጂ ያ ዘመን በጎ ነገር አልነበረውም ማለት አድልዎ ይሆናል። ኩራዝ ረቂቅ ተቀብለው የሚመረምሩ፣ ከደራሲው ጋር የሚመካከሩ አርታኢያን ነበሩት፤ ከእነርሱም አንዱ የነበሩት አማረ ማሞ ስለ ልብ ወለድ አጻጻፍ ብልሃት ራሱን የቻለ መጽሐፍ ያዘጋጁ፣ ሙያውን እንደ ሙያ የያዙ ሰው ናቸው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን ሲሽር ሁላችን ደስ አለን፤ ደስታውም የሚገባ ነበር። ነገር ግን የሚከለክለው አንባቢ ሲሰናበት፣ ያ የሚያቃናው አንባቢም ብዙ ጊዜ አብሮ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ለማተሚያ ቤት ገንዘብ የከፈለ ሰው ደብተሩ እንዳለ መጽሐፍ ሊሆንለት ይችላል፤ ከአንባቢዎቹም የመጀመሪያው መጽሐፉን በዋጋው የገዛው ሰው ይሆናል። ይህ ሰው ስሕተትን ቢያሳይም ዘግይቷል፤ የታተመው ታትሟልና።

የመምህሩ ባልደረቦች ሌላም ስጋት ነበራቸው። «ለሰው ከሰጠኸው ይሰርቁሃል» ይሉታል። ይህ ፍርሃት በጸሐፊዎች መካከል እጅግ የተስፋፋ ስለ ሆነ ሕጉን መናገር ይገባል፦ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ድርሰት በጽሑፍ ከሰፈረ ጀምሮ፣ ታተመም አልታተመም፣ የደራሲው ገንዘብ መሆኑን ይደነግጋል፤ ጥበቃውም በደራሲው ዘመነ ሕይወትና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ሕጉ የማይጠብቀው ገና ያልተጻፈውን ሐሳብ ነው። ስለዚህ በወሬ መካከል ታሪክን አስቀድሞ ከመተረክ ይልቅ፣ ተጽፎ ያለቀ ደብተርን ቀን ጽፎ፣ የተቀበለውን ሰው ስም መዝግቦ፣ ቅጂውንም ለራሱ አስቀርቶ መስጠት ይሻላል።

ቅጂ የሚለውን ደጋግሜ መናገር እወዳለሁ፤ ይህ የሚዛን መምህር ከሰባቱ ደብተሮች ሌላ ምንም አልነበረውምና። በ1956 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ ለሬዲዮ ሥራ ትምህርት ወደ ሎንዶን በሄደ ጊዜ፣ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ረቂቅ ለመምህሩ ለጊልበርት ፌልፕስ አሳየ። ፌልፕስ ወደደው፤ ለአሳታሚ ሊያሳይለትም ፈለገ። ወጣቱ ግን ቸኩሎ አልሰጠም፤ ድርሰቱ የሦስት ትውልድ ታሪክ ተሸክሞ እንደ ላላ ስለ ተሰማው ወደ አገሩ ይዞት ተመለሰና ከሦስቱ የመጀመሪያውን ብቻ፣ የዋናውን ባለታሪክ የኦኮንክዎን ዕድል፣ ለይቶ አውጥቶ ሥጋና ነፍስ ሰጠው። ከዚያም በእጅ የተጻፈውንና አንድ ብቻ የሆነውን ጥራዝ በታይፕ እንዲጽፉለት ወደ ሎንዶን፣ በመጽሔት ማስታወቂያ ወዳያቸው ሰዎች፣ ከክፍያው ጋር ላከ። ወራት አለፉ፤ መልስ የለም። አለቃው የነበረችው አንጀላ ቢቲ ለዕረፍት ወደ እንግሊዝ ስትሄድ በአካል ሄዳ ባትጠይቅ ኖሮ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. የታተመውና የአፍሪካን ልብ ወለድ ታሪክ የለወጠው መጽሐፍ ከአንድ ቢሮ ጥግ አቧራ ለብሶ ይቀር ነበር። ይህን ታሪክ ለመምህሩ በነገርሁት ሳምንት ደብተሮቹን በሙሉ በእጅ ስልኩ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ አንሥቷቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ለአንባቢ የሚሰጠውም ፎቶ ኮፒውን ብቻ ነው።

ከየኔታ ቀጥሎ ያነበበው ለአንድ የሸኮ ሽማግሌ ነበር። ስለ ሸኮ ሕዝብ የሚጽፍ እንግዳ ከሕዝቡ አፍ ሳያጣራ ሊጽፍ አይገባውም፤ የሸኮን ቋንቋ ሰዋስው አጥንታ በ2010 እ.ኤ.አ. በላይደን ዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ያወጣችው አን ክሪስቲ ሄለንታልም የሠራችው ከተናጋሪዎቹ ጋር ተቀምጣ፣ ቃሉን ከእነርሱ እየሰማች ነው። ሽማግሌው ከባለቤታቸው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ መምህሩ የወጣቱን አባት በሬ «ሻኛው እንደ ጉብታ የተቆለለ» ብሎ ካሞገሰበት ቦታ ሲደርስ ሁለቱም ተያይተው ሳቁ። «የማን በሬ ነው ይሄ?» አሉ ሽማግሌው። የሸኮ ከብት በመላው ምሥራቅ አፍሪካ ከሚታወቁት ከብቶች የሚለየው ሻኛው እጅግ ትንሽ፣ አንዳንዴም ጨርሶ የሌለ በመሆኑ ነው፤ በዚያ ቆላ ቀመስ ጫካ ገንዲ የሚባለውን የዝንብ በሽታ ችሎ መኖርም የዘሩ ጸጋ ነው፤ ከሌላ አገር ከብት ጋር እየተዳቀለ ቁጥሩ መመናመኑም አዋቂዎችን ያሳስባቸዋል። መምህሩ የገለጸው በልጅነቱ በአባቱ ደጅ ያየውን የሰሜኑን በሬ ነበር። አንድ ቃል ነው፤ ነገር ግን የአገሩ ሰው በዚያ አንድ ቃል ላይ መጽሐፉን ዘግቶ «ይህ ሰው እኛን አያውቀንም» ሊል በቻለ ነበር። ሽማግሌውም ስለ በሬው ከነገሩት በኋላ አልቆሙም፤ ስለ ማር፣ ስለ ጫካው፣ ስለ ቀድሞው ዘመን ያወጉት ሁሉ ከረቂቁ ይልቅ የበለጸገ ስለ ነበር መምህሩ ማንበቡን ትቶ ጽሕፈት ያዘ።

ከሁሉ የበለጠው አስተያየት የመጣው ግን በቡና ማጠቢያ ለብዙ ዓመት ከሠሩ አንዲት እናት ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ቡና ሊያፈሉ ተዘጋጅተው በሰፌድ ላይ ፍሬውን እየለቀሙ፣ የተሰበረውንና የጠቆረውን በአውራ ጣታቸው ወደ ዳር እየገፉ ያዳምጣሉ። በረቂቁ ውስጥ ወጣቱ የሰረቀውን ቀይ እሸት በጆንያ ጠቅጥቆ ሦስት ቀን ከዋንዛ ሥር ይሸሽጋል፤ በአራተኛው ቀን ወደ ማጠቢያው ወስዶ በሙሉ ዋጋ ይሸጣል፤ እዳውንም ይከፍላል። የታሪኩ አጥንት ይህ ነው። ጣታቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«መምህር፣ ሦስት ቀን?» አሉት።

«አዎ፣ ፍለጋው እስኪበርድ።»

«እሸቱን በጆንያ? ይህማ አይሆንም። እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይሞቃል፣ ይቦካል። በሦስተኛው ቀን ሽታው ገና ከበር ይጣራል። ሚዛን ላይ ማን ያስቀምጠዋል? እኔ ብሆን ልጁን በጆሮው ይዤ ነበር የማስወጣው።»

መምህሩ ጀንፈል አድርጎ ቢያደርቀውስ ብሎ ጠየቀ። እርሳቸው ግን ለማድረቅ አልጋ እንደሚያስፈልገው፣ አልጋም በሰው ሁሉ ፊት እንደሚዘረጋ፣ ለብዙ ቀንም ማገላበጥ እንደሚጠይቅ፣ ሌባ ደግሞ ያን ሊያደርግ እንደማይችል አስረዱት። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ልጁ በለቀመበት ሌሊት፣ ሳይነጋ፣ ጆንያውን ተሸክሞ በጫካው ውስጥ ወደ ሩቅ ማጠቢያ መድረስ አለበት። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ተለወጠ፤ የትኛው ወንዝ በዚያ ወር እንደሚሞላ፣ የትኛው አቀበት እሸት በተሸከመ ሰው ትከሻ ላይ እንደሚከብድ፣ በማጠቢያው በር ዘበኛው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነቅቶ እንደሚጠብቅ በዝርዝር ነገሩት። መምህሩ ለብዙ ወር ሲያጣው የኖረው ምዕራፍ በአንድ ቡና መፍያ ጊዜ ውስጥ ከፊቱ ተዘረጋለት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ በኅሊናው ሲከራከር የነበረው ወጣት፣ አሁን በአንድ ሌሊት ሊሮጥ፣ ሊወድቅ፣ ሊነሣ ግድ ሆነበት። እኔ በበኩሌ ከፊተኛው ገጽ የኅሊናውን ክርክር ባጣውም አላዝንም፤ ሸክሙ ከትከሻው ላይ ካለ ኅሊናውም አብሮት ነውና።

መምህሩ ይህን ሁሉ ሲቀበል አንድም ጊዜ ለመከራከር አልቸኮለም። ደራሲ ረቂቁን ሲያስነብብ ከሁሉ የሚከብደው ትዕግሥት ይህ ይመስለኛል፤ አንባቢው «አልገባኝም» ሲል «እኔ እኮ ማለቴ» ብሎ መግለጽ ይቀናዋል፤ ነገር ግን መጽሐፉ ታትሞ ሲሸጥ ደራሲው ከእያንዳንዱ አንባቢ ጎን ቆሞ ሊያብራራ አይችልም። ደግሞም የተሰጠውን ሁሉ መቀበል አይገባውም፤ ሁለት አንባቢ አንድ ቦታ ላይ ቢደናቀፉ ቦታው በእርግጥ ሕመም አለው፣ መድኃኒቱ ግን ሁለቱ ካዘዙት ሌላ ሦስተኛ ነገር ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ የመምህሩ አንባቢዎች አልተስማሙም። የኔታ ወጣቱ ንስሐ ገብቶ በሽማግሌዎች ፊት ጥፋቱን እንዲናዘዝ፣ ባለጸጋውም ይቅር እንዲለው ይወዳሉ፤ ያለዚያ ታሪኩ ፍጻሜ የለውም ይላሉ። እናትየዋ ግን ጎረቤቱን ያውቁታል፤ እንዲህ ያለ ባለጸጋ በሰው ፊት ይቅር ብሎ በጓዳ እንደሚበቀል፣ ልጁም ይህን ስለሚያውቅ አፉን እንደማይከፍት ይናገራሉ። መምህሩ ሁለቱንም አስተያየት በስምንተኛ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ግራና ቀኝ አድርጎ ጽፏቸዋል፤ እስካሁን አልወሰነም። እናትየዋም ሦስተኛውን ሲኒ አስጠጥተው ሲያሰናብቱት ቀጠሮ ያዙለት። «የሌሊቱን ምዕራፍ ከመስከረም በፊት አድርስልኝ፤ ለቀማ ከገባ እስከ ታኅሣሥ ቀና ብዬ የማዳምጥበት ጊዜ የለኝም» አሉት።